ገጽ አሥራ አራት

ሆሳዕና፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ነህምያ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። እማዬም እኔም ቆመን እንሄዳለን። «ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ያንን ቃል ስጽፍ ግን ሁልጊዜ የምዋሽ ስለሚመስለኝ ተውኩት። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ አድርግልኝ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሃያ ቀን አልፎታል። ደውዬ ብነግርህ ይቀል እንደነበር አውቃለሁ። ስልክ ላይ ግን አፌ እንደሚያዝ ታውቃለህ። አንተ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ኔትወርኩ ነው?» ትላለህ። ኔትወርኩ ደህና ነው፤ እኔ ነኝ።

አዲሱን የሙዚቃ መጽሔታችሁን ማን እንደሚያነበው ሰው እንድጠይቅበት የላክኸውን መጠይቅ ሃምሳ አድርጌ አባዛሁት። አንዱንም አላስሞላሁም። አንድ ቀን ብቻ ሞከርኩ። አንዲት እናት ወረቀት ሊያስባዙ መጡና እንደምንም ብዬ «ዕድሜዎ ስንት ነው?» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ከቀበሌ ነሽ እንዴ?» አሉኝ። መጠይቁን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ስለዚህ መጠየቁን ትቼ ቆጠርኩ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ካቆምኩ ጀምሮ የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት መናኸሪያው አጠገብ ስለሆነ የመዝሙርም የዘፈንም ግጥም ማባዛት የሚፈልግ ሁሉ በእጄ ያልፋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ በደብተሬ ጀርባ ምልክት አደረግኩ። ወጣቶቹ የሚመጡት ለመታወቂያና ለሥራ ማመልከቻ ነው። ግጥሙን ከቴሌግራም ስለሚያገኙት ወረቀት አይፈልጉም። ግጥም የሚያስባዙት ከገጠር አጥቢያዎች በገበያ ቀን የሚመጡ እናቶችና የመዘምራን መሪዎች ናቸው። ወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አጥፈው ነው የሚያመጡት። ሁሉም የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፤ «ፊደሉን አተልቂልኝ»። ከጊምቢቹ የመጡ አንዲት እናት ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ «ይህን ሁሉ ጉንዳን ማን ያነበዋል?» ብለው ሲስቁ እኔም ሳቅሁ።

አንተ መጽሔቱ ለወጣቶች ነው ብለሃል። እኔ ግን የሚያነቡት እናቶች ናቸው እላለሁ። ተሳስቼ ከሆነ ለሚክያስ አትንገረው፤ ጓደኛህ እንዲስቅብኝ አልፈልግም።

«አዝማች» ብላችሁ ስም ማውጣታችሁን ወድጄዋለሁ። እሁድ መዝሙር ሲዘመር እኔ ድምፄን የማሰማው አዝማቹ ላይ ብቻ ነው። ያኔ ሁሉም ሰው ስለሚዘምር የኔ አይሰማም።

በመጨረሻ የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። አባዬ የተቀበረ ቀን እማዬ ያለችው በደብተሬ ተጽፎ አለ። መላኩን ግን ገና አልወሰንኩም።

እህትህ ቤቴል


አዲስ አበባ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቤቲዬ፣

ሁለተኛ ይቅርታ እንዳትጠይቂኝ። ደብዳቤሽን ለሚክያስ አነበብኩለት። «በል መጠይቅህን ቅደደው፤ ይቺ ልጅ ሥራችንን ሠርታልናለች» ነው ያለው። አልሳቀም። እኔም ከአንድ ወር በፊት የጻፍኩትን ዕቅድ ሳየው አፈርኩ። «ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 25» የሚል ነበር። ለራሳችን ነበር ለካ የምናዘጋጀው።

እንግዲህ ፊደሉን እናተልቃለን። በሀዲይኛ፣ በከምባትኛና በአማርኛ የሚዘመሩትን ከነግጥማቸው እናወጣለን። የሰርግና የመከር ዘፈኖችም ይኖራሉ። ሃያ ስምንት ገጽ፣ ስድስት መቶ ቅጂ። ከፋሲካ በፊት ማድረስ አለብን፤ ሰው ወደ አገሩ የሚገባው ያኔ ነው።

የቀረን አከፋፋይ ነው። ቅጂው ጥቂት ስለሆነ በአንድ አከፋፋይ ብቻ ነው መጀመር የምንችለው። ያሰብኳቸው ሁለት ሰዎች አንቺ የምታውቂያቸው ናቸው፤ ጎረቤታችን ጋሽ ፈትሁዲንና መዘምራኑን የሚመሩትና የቤተ ክርስቲያኑን መጻሕፍት ቤት የሚያስተዳድሩት ጋሽ ጴጥሮስ። ሁለቱም ጋ ሄደሽ የምልከውን ወረቀት ስጪልኝ። ልደውልላቸው እችል ነበር፤ ስልክ ላይ ግን ሰው ሁሉ «እሺ፣ እሺ» ነው የሚለው። ፊታቸውን የሚያይልኝ ሰው እፈልጋለሁ። አንቺ ዝም ብለሽ የምታዪውን እኔ አንድ ሰዓት ለፍልፌም አላየውም።

ስለ እማዬ ደግሜ እለምንሻለሁ። አባዬ ሲሞት ፈተና ላይ ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን ስደርስ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ያገኘኝ ሁሉ «እናትህ አንጀታችንን በላችው» ይለኛል። አገር የሰማውን የበኩር ልጇ አልሰማሁም። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህ ከውስጤ አልወጣም።

ነህምያ


ሆሳዕና፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ነህምያ፣

እንዴት ከረምክ? ሳልህ ተሻለህ? እማዬ ስለ ሳልህ ስትሰማ ማር በጠርሙስ አድርጋ ሰጥታኛለች። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአውቶቡሱ ረዳት እጅ ይደርስሃል። ክዳኑ ስለሚላላ ቀና አድርገህ ያዘው።

እንዳልከኝ ሁለቱም ጋ ሄድኩ። ጋሽ ፈትሁዲን ጋ ስደርስ ወረቀቱን ዘርግቼ ቆምኩ። «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ማሽኑ ውስጥ ረስተሽው መጣሽ?» አሉኝ። ሚስታቸው እትዬ ሪሀና ከውስጥ ሆነው፣ «ተዋት ሰውዬ! ባንተ ጩኸት እኛስ መቼ ተናገርን?» አሏቸው። ወረቀቱን አንብበው ጢማቸውን አሻሹ። አይሱዙዋቸው በየገበያ ቀኑ ደብተር፣ ሳሙናና ብስኩት ጭና ጊምቢቹ፣ ዱራሜና ሺንሺቾ ትሄዳለች። «ከብስኩቱ ጎን አስቀምጠዋለሁ። ማን እንደሚገዛው አላውቅም፤ ካልተሸጠ ይመለሳል። እኔ ቃል የምገባው ዝናብ እንዳይነካው ነው» አሉኝ። ሲያወሩ በቀጥታ ያዩኝ ነበር። እውነታቸውን ነው።

ጋሽ ጴጥሮስ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። እሳቸው በየአጥቢያው የሰንበት ትምህርት መጻሕፍት ስለሚያደርሱ ሁሉም ያውቃቸዋል። «ስድስት መቶውንም እወስዳለሁ። በማስታወቂያ ሰዓት በየአጥቢያው ይነገራል፤ እናቶች ተሰልፈው ነው የሚወስዱት» አሉ። «ብቻ አስቀድሞ ናሙናውን ልየው።» ስወጣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ እማዬ፣ «እህት እልፍነሽ እንዴት ናት?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። እሳቸውም ነቀነቁ። ሁለታችንም መሬት መሬት እናይ ነበር።

እንግዲህ እኔ የቆጠርኳቸው እናቶች ያሉት ጋሽ ጴጥሮስ ጋ ነው። ጋሽ ፈትሁዲን ጋ ያለው ገበያተኛ ነው፤ ያንብብ አያንብብ አይታወቅም። ለመጽሔቱ የሚበጀው ጋሽ ጴጥሮስ ነው ብዬ አስባለሁ።

አሁን የጠየቅኸኝን ልጻፍልህ። ላንተ ብቻ ነው።

ሬሳው ከቤት ሲወጣ እማዬ በሀዲይኛ ሙሾ ማውጣት ጀመረች። ጮክ ብላ አልነበረም፤ ሰው የምታናግር ነበር የምትመስለው። ሀዲይኛውን በሌላ ገጽ ጽፌልሃለሁ፤ ትርጉሙ ይህ ነው፤

ጠና፣ በሩን ሳትዘጋ ወጣህ፣
ምሳህን ሳትበላ ወጣህ።
ብርዱ ገባ፣ ዶሮዋ ገባች፣
እንግዳው ሁሉ ገባ፣
አንተ ብቻ ቀረህ።
ልዘጋው ብነሣ፣
ልዘጋው ብነሣ፣

ከዚህ በኋላ ያለውን አላውቅም። ሰው ሁሉ ሲያያት መቆም አቃተኝና ወጥቼ ከእንሰቱ ጀርባ ተደበቅኩ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከዚያ መዘምራኑ መዝሙር አነሡ። በእኛ ዘንድ ሙሾ ሲጀመር እንዲህ እንደሚደረግ ታውቃለህ፤ ለቅሶው በመዝሙር ይሸፈናል። ከእንሰቱ ጀርባ ሆኜ የሰማሁት መዝሙሩን ነው።

በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች «ተስፋ እንደሌለው ሰው አልቅሰሻል፤ በጉባኤ ፊት ቆመሽ ይቅርታ ጠይቂ» ሲሏት ዝም ማለቷን፣ ከመዘምራንም መታገዷን ታውቃለህ። የማታውቀው ቤት ውስጥ እንዴት እንደሆነች ነው። ልብስ ስታጥብ አታንጎራጉርም። ሬዲዮ መዝሙር ሲጀምር ድምፁን ትቀንሰዋለች። ድሮ ከመንገድ ማዶ ድምፅዋን ሰምቼ ነበር ቤት መኖርዋን የማውቀው። አሁን ገብቼ ካላየኋት አላውቅም።

ላንተ ብቻ ነው፤ ደግሜ ጻፍኩት።

ቤቴል


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቤቲዬ፣

ማሩ ደርሷል፤ ግማሹ መንገድ ላይ ቢፈስም የቀረው ጣፍጦኛል። ለእማዬ ግማሹን አትንገሪያት።

ከዚህ ጋር የመጽሔቱን ናሙና ልኬልሻለሁ። አንዱ ያንቺ ነው፤ ሌላውን በዚያው አውቶቡስ ለጋሽ ጴጥሮስ ልኬላቸዋለሁ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዪው፤ ፊደሉ እንዳልሽው ነው።

ገጽ 14 ላይ ስትደርሺ ትናደጂብኛለሽ። የላክሽልኝን ለአንድ ሳምንት በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ከዚያ ሚክያስ አነበበውና ተነሥቶ ወደ በረንዳ ወጣ። ሲመለስ «ከዚህ የሚበልጥ ምንም ነገር የለንም» አለኝ። እኔም ያንን አውቅ ነበር። ስሟን አላወጣሁም፤ «ከሆሳዕና እናት» ብቻ ነው ያልነው። ካንቺ ላይ ያለፈቃድሽ ወሰድኩ። ይቅርታ የምጠይቀው ካደረግኩት በኋላ መሆኑ ከምንም በላይ አሳፍሮኛል።

ነህምያ


ሆሳዕና፣ መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነህምያ፣

ሰላምታ ሳልጽፍ ብጀምር ቅር እንዳይልህ።

ስሟን አላወጣሁም ትላለህ። የአባዬ ስም ግን የመጀመሪያው ቃል ነው! በዚህ ከተማ ስንት ጠና አለ፣ ሚስቱ በሙሾ የታገደች? አዲስ አበባ ስትኖር እዚህ ሰው ሰውን እንዴት እንደሚያውቅ ረሳኸው።

ጋሽ ጴጥሮስ ትናንት ራሳቸው ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ መጡ። ሰው እስኪወጣ ጠበቁና ናሙናውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ቤቴል፣ ሥራው መልካም ነው። የመከሩን ዘፈን እንኳ አልፌዋለሁ። ይህ ገጽ ግን ይውጣ። ይህ ካለበት በአጥቢያዎች ላሠራጨው አልችልም» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ «ለእናትሽም ስል ነው» አሉኝ። ለምን እንዲህ እንዳሉ አንተ አታውቅም፤ ምክንያቱም እኔ ደብቄሃለሁ።

ካንተ የደበቅኩት ይህ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ ሽማግሌዎቹ ቤታችን ይመጣሉ። እማዬ እሺ ብላለች። ከፋሲካ በኋላ ባለው እሁድ፣ ሚያዝያ 19፣ በጉባኤ ፊት ቆማ «በድያለሁ» ትላለች፤ በዚያው ቀን ወደ መዘምራን ትመለሳለች። ለአንተ እንዳልነግር አስምላኛለች። «እሱ ይናደዳል» አለችኝ። ለምን እሺ እንዳለች ስጠይቃት፣ «ከኋላ ወንበር ተቀምጬ የሰው ጀርባ ማየት ደከመኝ» ነው ያለችኝ። ስድስት ዓመት፣ ነህምያ። እኔም ደክሞኛል። ድምፅዋን እንደገና መስማት እፈልጋለሁ። በምንም ይሁን በምን።

መጽሔቱ ከዚያ እሁድ በፊት በሰው እጅ ከገባ «በድያለሁ» የምትለው ነገር ታትሞ እየተሸጠ ነው ማለት ነው። ማን ያምናታል? ልጇ ነው ያሳተመው ይላሉ።

ገጹን አውጣው። ጋሽ ጴጥሮስ እንዲወስዱት ብቻ ብዬ አይደለም። የራሷ ነው፤ ለማንም አልሰጠችም። እኔ ነኝ የሰረቅኋት፤ አንተ ደግሞ ከኔ። ስለ ገጹ ለእማዬ አልነገርኳትም። ናሙናውን ፍራሼ ሥር አድርጌ ነው የምተኛው።

ቤቴል


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቤቲዬ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከማተሚያ ቤት በተመለስኩበት ቀን ነው። ስድስት መቶውም ታትሞ ታስሯል።

ያልሰማሁትን ነገር ልሸጥ ተነሣሁ። ስለ ሽማግሌዎቹ በመደበቅሽ አልተቀየምኩም፤ አልናደድኩምም፤ ለእማዬ እንዲህ በያት።

ገጽ 14 መሀል ወረቀቱ ላይ ነው። ሁለቱን የስቴፕለር ሽቦ ቀና አድርገሽ ብትስቢው ሳይቀደድ ይወጣል፤ ይህን ሥራ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከ13 እስከ 16 ያለው አብሮ ይወጣል። ይውጣ። ወይም አይውጣ። ለጋሽ ጴጥሮስ ይሁን ለጋሽ ፈትሁዲን፣ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ሸክሙን ላንቺ መጣሌ እንዳይመስልሽ ብል ውሸት ይሆናል። ግን እኔ ወስኜ ያመጣሁትን አይተሻል።

ጥቅሎቹ ከፋሲካ ሳምንት በፊት ይደርሱሻል።

ነህምያ


ሆሳዕና፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ነህምያ፣

ጥቅሎቹ አምስቱም ደርሰዋል፤ ዝናብ አልነካቸውም። ባለፈው ስለጻፍኩልህ ክፉ ቃል ይቅር በለኝ። ይህን የምጽፍልህ በየመሀሉ በግራ እጄ ቀኙን እያሸሁ ነው። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

አሠሪዬ ሙሉአለም የጀርባውን ጠረጴዛ ፈቀደችልኝና ዓርብ ጠዋት ወረቀቱን ማውጣት ጀመርኩ። ሽቦውን በቢላ ጫፍ አቀናለሁ፣ መሀሉን እስባለሁ፣ ሽቦውን መልሼ አጥፋለሁ። መቶ አሥራ ሁለት ላይ ስደርስ እማዬ ምሳዬን ይዛ ገባች። ምሳ አምጥታልኝ አታውቅም፤ ያን ቀን ቁርስ ሳልበላ ስለወጣሁ ነው። የወጡት ወረቀቶች በጠረጴዛው ላይ ተቆልለው ነበር፤ ገጽ 14 ወደ ላይ።

ፊደሉ ትልቅ ነው። ያስተለቅሁት እኔ ነኝ። መነጽር እንኳ አላስፈለጋትም።

በጣቷ እየተከተለች ቆማ አነበበችው። አንድ ተማሪ ማመልከቻ ሊያስባዛ ቆሟል፤ ማሽኑ ይጮሃል። «ማን ጻፈው?» አለችኝ።

«እኔ።»

«ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«አሥራ አንድ።»

ወረቀቱን ገለበጠችው፤ ከኋላው ሌላ መዝሙር ነው። መልሳ ገለበጠችው። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። «አላለቀም» አለች።

«የቀረውን አልሰማሁትም እማዬ። ወጥቼ ነበር።»

«አንቺ ብቻ አይደለሽም። ማንም አልሰማውም። ጴጥሮስ መዝሙር አነሣ፤ እኔም አፌን ዘጋሁ።» ምሳውን አስቀመጠችና ማሽኑን በእጇ አሳየችኝ። «አጥፊው።»

አጠፋሁት። ከዚያ ከ«ልዘጋው ብነሣ» ጀምራ ጨረሰችው፤ በዜማው። ድምፅዋ ቀጥኗል ነህምያ፤ ከላይ ሲወጣ ይሰነጠቃል። ግን እሷ ናት። ተማሪው ወረቀቱን ይዞ ደርቆ ቀረ። ሀዲይኛ ይችል እንደሆነ አላውቅም። የጨረሰችበት ይህ ነው፤

እጄ እምቢ አለኝ።
ክፍት ይደር፣
ስትመጣ አታንኳኳ።

ይህን ይዛ ነው ስድስት ዓመት የተቀመጠችው። ተስፋ እንደሌለው ሰው አልቅሰሻል ሲሏት ይህ አፏ ውስጥ ነበር። ለምን እንዳልነገረቻቸው ጠየቅኳት። «ያላስጨረሰኝን ሰው አስረዳለሁ?» አለች።

ከዚያ እስክሪብቶዬን አንሥታ ሰጠችኝና «ጻፊው» አለችኝ።

«የቱ ላይ?»

«ሁሉም ላይ።»

«እሁዱስ?» አልኳት።

«እሁድ እሄዳለሁ» አለች። ምሳዬን እስክጨርስ ጠብቃ ሳህኑን ይዛ ሄደች።

መቶ አሥራ ሁለቱን መልሼ ከተትኩ። ከዚያ ስድስት መቶውም ላይ፣ ከገጽ 14 ሥር ባዶ በቀረው ቦታ፣ በእጄ ጻፍኩት፤ ሀዲይኛውንም አማርኛውንም። ሦስት ቀንና አራት እስክሪብቶ ፈጀ። መጨረሻ አካባቢ ያሉት ላይ ጽሕፈቴ ተንጋዷል፤ ሰው ቅር ቢለው ይቅርታ በልልኝ።

ጋሽ ጴጥሮስ ጋ ሄጄ «ገጹ አይወጣም» አልኳቸው። በአፌ ነው ያልኳቸው። «እንግዲያው ልወስደው አልችልም፤ ታውቂያለሽ» አሉ። አልተቆጡም። አንድ ቅጂ ተቀብለው እዚያው ቆመው ገጽ 14ን ፈለጉ። በእጄ የተጻፈውን ሁለቴ አነበቡት። «ይህ ያን ቀን የተባለ ነው?» አሉኝ።

«ሊባል ነበር» አልኳቸው።

መጽሔቱን አጥፈው ኮታቸው ውስጥ ከተቱት።

ስለዚህ አከፋፋያችን ጋሽ ፈትሁዲን ናቸው። ጥቅሎቹን ከብስኩቱ ጎን ጭነው በሸራ ሸፈኗቸው። «ያን ቀን ሱቄን ዘግቼ ለቅሶው ላይ ነበርኩ። እንዴት እንደሚያልቅ ሳላውቅ ቀረሁ» አሉኝ። ከሸራው ሥር አንዱን መዝዘው ለእትዬ ሪሀና ይዘው ገቡ። እናቶቹ ግን በጉባኤ ሳይነገራቸው መጽሔቱ ከብስኩት ጎን እንዳለ በምን ያውቃሉ? ይህ እንቅልፍ ነስቶኛል። ለመጽሔትህ የሚበጀውን አላደረግኩም። ወስኚ ስላልከኝ ወሰንኩ።

ቤቴል


ሆሳዕና፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ነህምያ፣

ፋሲካን ያለ አንተ አሳለፍን። የበግ ድርሻህን ጎረቤት በላው። ከሥራ አንለቅህም ስላሉህ እንደሆነ ገብቶኛል፤ እማዬም አልተቀየመችም። በየሰዓቱ ወደ መንገድ ማየቷን ግን አልደብቅህም።

ስለ ሽያጩ ላስቀደምከው ጥያቄ የማውቀውን ልንገርህ። ከሺንሺቾ አብዛኛው ተመልሷል። ከዱራሜ ገና ወሬ የለም። ጊምቢቹ የሄደው አንድም አልተመለሰም። ጋሽ ፈትሁዲን እንደነገሩኝ አንዲት እናት ብስኩት ሊገዙ መጥተው ፊደሉን ሲያዩ «ይሄ ጉንዳን አይደለም!» ብለው ሦስት ወሰዱ፤ በሚቀጥለው ገበያ ደግሞ ሌሎች እናቶች አስከትለው መጡ። የኔዋ ይሆኑ? አላውቅም። ለሁለተኛው ዕትም የሚበቃ መሆኑን እንጃ። ጋሽ ጴጥሮስ ጋ ሆኖ ቢሆን እስካሁን አልቆ ነበር። ይህንን ስትወቅሰኝ ብታድር አይከፋኝም።

ስለ እሁዱ ሰው ደውሎ የነገረህን ጽፈህልኛል። ገሚሱ እውነት ነው። እማዬ አልጮኸችም፤ ማንንም አልሰደበችም። የሆነው አጭር ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እህት እልፍነሽ፣ ለጉባኤው የምትናገሪው አለሽ?» አሏት። ከኋላ ወንበር ተነሥታ፣ «የምናገረው የለኝም። ያልጨረስኩት ግን አለ» አለች። ከዚያ «ጠና» ብላ ጀመረች።

ሰው ሁሉ ዞረ፤ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ መዘምራኑ። መዘምራኑ ደግሞ ወደ ጋሽ ጴጥሮስ። እሳቸው እጃቸውን ሲያነሡ ነው መዝሙር የሚነሣው። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር። «ልዘጋው ብነሣ» ስትል አየሁት፤ ጣታቸው ተንቀሳቀሰ። እጃቸው ግን እዚያው ቆየ። እማዬ እስከ መጨረሻው አለችውና ተቀመጠች።

ሽማግሌዎቹ «ይታያል» ብለዋል። እስካሁን አላዩትም። ዕገዳው አልተነሣም፤ አሁንም ከኋላ ወንበር ናት። ሁለት ጎረቤቶች ሰላምታ ትተውናል። ጋሽ ጴጥሮስንም ሽማግሌዎቹ ጠርተዋቸዋል ይባላል፤ ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም። «ሁሉ ነገር ተስተካከለ?» ላልከኝ መልሱ አልተስተካከለም ነው። ትናንት ግን ከሥራ ስመለስ፣ ከመንገድ ማዶ ሆኜ፣ እማዬ ቤት መኖርዋን ሳልገባ አወቅኩ።

አንድ የቀረኝ አለ። በደብዳቤህ መጨረሻ፣ ያ ሁሉ ሲሆን አንቺስ የት ነበርሽ ብለኸኛል። በሩ አጠገብ ነበርኩ። በሩ ክፍት ነበር። ሰው ሁሉ ሲያያት እግሬ ወደ ደጅ ዞሯል፤ አልዋሽህም።

አልወጣሁም።

እህትህ ቤቴል